ሊቀ ካሴት አሕመድኑርና ያልተጨረሰው ዘፈን

«ድሮ ቀረ» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለመካነ ሰላም የደረሷት ግን ተራ ድሮ ናፋቂ ሳይሆኑ ክቡር ሊቀ ካሴት አሕመድኑር ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ፈንታው ነው፤ የሰጣቸውም ወዶ ሳይሆን ሰልችቶት ነው።

የሁለቱን ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። ጋሽ አሕመድኑር ሙዚቃ ቤታቸው ጫማ መሸጫ ከሆነ ወዲህም የሚያወሩት ስለ ካሴት ነው። ጫማ ሊለካ የገባ ሰው አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ ስለ ኪቦርድ ዘመን ተምሮ ይወጣል። ማሳረጊያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዋናውን ያልሰማ ምኑን ሰማ?» ፈንታው ይህን ከስፌት መኪናው ድምፅ እኩል ለምዶታል፤ ደክሞታልም።

«ዋናው» የሚሉት አንድ ዘፋኝ በኪቦርድና በማሽን ከበሮ ብቻ የሠራውን የድሮ አልበም ነው። አንዷን ካሴት ከደሴ አምጥተው፣ እያባዙ እስከ ወግዲና አጅባር ያዳረሱት እሳቸው ናቸው። ታዲያ በቅጂዎቹ ላይ የመጨረሻው ዘፈን «ከተመለስሽማ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የተቀዳበት ባዶ ካሴት አጥሮ ይሆናል ያለ ሰው ነበር፤ እሳቸው አልተቀበሉም። ዘፋኙ እዚያ ሲደርስ እንባ አንቆት መቀጠል አቃተው፣ ጥበብ ማለት ይህ ነው አሉ። አገሩም አመነ። ወግዲ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹ ያችን ቃል ብሎ ድንገት ዝም ሲል ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ የደሴ እንግዳ ግን መብራት የጠፋ መስሎት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ፈንታው ራሱ አምኗል። በወጣትነቱ እጮኛው የሺእመቤት ጅዳ ሄዳ ድምፅዋ የጠፋ ጊዜ፣ ሥራ ጠልቶ፣ እህል አልበላ ብሎ ነበር። ጋሽ አሕመድኑር ገብተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«አብሽር ልጄ» አሉት። «ዘፋኙ እንኳ መጨረስ ያቃተውን አንተ ዛሬውኑ ካልጨረስኩ አትበል።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ በደንብ አልገባውም። በማግስቱ ግን መቀሱን አነሳ።

ሰሞኑን ያ አልበም ድምፁ ጠርቶ፣ ያልተሰሙ ዘፈኖች ተጨምረውበት እንደ አዲስ ወጣ። ፈንታው በስልኩ አውርዶ ብቻውን ሰማው። ዘፋኙ አላለቀሰም። «ከተመለስሽማ» ብሎ፣ ሌላ አግብቻለሁ፣ በሩም ተዘግቷል፣ በሰላም ሂጂ እያለ በደህና ድምፅ ጨረሰው። ፈንታው ሳቁም ንዴቱም አንድ ላይ መጣበት። ያን ሁሉ ዘመን ሲሰብኩት የኖሩትን ሊቀ ካሴት አፍ የሚያስይዝ ነገር በመጨረሻ እጁ ገባ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው በጋሽ አሕመድኑር ደጃፍ ሻይ ሊጠጣ ሲሰበሰብ፣ ፈንታው አልበሙን ከስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው። ጋሽ አሕመድኑር መጀመሪያ አጣጣሉት፤ ድምፁ ሲታጠብ ለዛውም አብሮ ታጥቦ ሄዷል አሉ። የመጨረሻው ዘፈን ወደዚያች ቃል ሲቃረብ ግን የያዙትን ጫማ ደጋግመው ይወለውሉ ጀመር፤ ጫማው አዲስ ነበር።

«ሙሉው ነው አሉ?» ሲሉ ጠየቁ ቀስ ብለው፣ ፈንታውን ሳያዩ።

ያኔ ነው ለፈንታው የገባው። ሰውየው ካሴቱ ማጠሩን ድሮም ያውቁ ነበር። የሺእመቤት በጠፋች ጊዜ ሊያጽናኑት አጠገቡ ሲቀመጡም ያውቁ ነበር።

ዘፋኙ «ከተመለስሽማ» አለ። ፈንታው ጣቱን አሳርፎ አጠፋው።

ሻይ ጠጪው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ አሕመድኑር በረጅሙ ተንፍሰው «ዋናውን ያልሰማ ምኑን ሰማ» አሉ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ ፈንታው።

ነገም ከነገ ወዲያም ይህንኑ በቆርቆሮው በኩል ሲሰማ እንደሚውል ያውቃል። ወደ ስፌት መኪናው ተመልሶ ተቀመጠ። ደክሞታል። ግን ያ ግድግዳ ጸጥ ያለ ቀን ምን እንደሚውጠው እያሰበ ወንበሩን ወደ ቆርቆሮው ጠጋ አደረገ።