ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ቦሎ

አንድ ያረጀ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ከመኪና ኋላ ታስሮ መንገድ መውጣት ይችል እንደሆነ ለመወሰን በአንድ ግቢ ውስጥ የተካሄደው የሦስት ቀን ምርመራ እስከ ዛሬ ተገቢውን ክብር ሳያገኝ ቀርቷል። ያሳዝናል። ክብሩን እኛ እንስጠው። ምርመራውን በበላይነት የመሩት ጋሽ ብቁ ናቸው፤ ታሪኩንም እየሳቁ ያጫወቱን ራሳቸው ናቸውና ማንንም አላማንም።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። "ብቁ" ያሰኛቸው ማኅተማቸው ነው። የተሽከርካሪ ደህንነት ምዘና ክፍል ኃላፊ ሆነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ ተቀምጠዋል። ወረቀት በመስኮቷ ይገባል፣ "ብቁ ነው" የሚል ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዓመቱ ቦሎ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ባለቤቱም ቦሎውን ተሽከርካሪው ላይ ይለጥፍና ይሄዳል። ጋሽ ብቁ ወጥተው ተሽከርካሪውን አይተውት አያውቁም። ይህም ከስንፍና ሳይሆን ከመርህ የመጣ ነው። "ካየሁት ላዝንለት እችላለሁ፤ ወረቀት ግን አያሳዝንም" ይላሉ። አርባ ሦስት ጥያቄ ያለውን የምዘና ቅጽ ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ቅጹ የተሽከርካሪውን ቀለም ሦስት ቦታ ይጠይቃል።

ነገሩ የተጀመረው አማታቸው ከዳገቱ አናት ላይ ያለውን የኪራይ ቤት እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት እንዲለቁ በተነገራቸው ጊዜ ነው። አማትየዋ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከእንግዲህ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ነው፤ የሚመጣው ዕቃ አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት ማሽን እና ሟች ባላቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ቁምሳጥን ነው። ከቁምሳጥኑ በቀር ሌላው ቢጠፋም ግድ የላቸውም።

"እኔ እያለሁ የጭነት መኪና ሊከራዩ ነው እማማ?" አሉ ጋሽ ብቁ ደረታቸውን ነፍተው። "በራሴ ተጎታች አመጣዋለሁ!"

ተጎታቹን ከአንድ ብሎኬት ነጋዴ ከገዙት ወር አልሞላውም። ሲገዙ ጎማውን አላዩም፣ ባሌስትራውንም አላዩም። ያዩት ከፊት፣ ከመኪና የሚያያይዘውን ጋንቾ በተሸከመው ብረት ላይ የተለጠፈውን ቦሎ ነው። ግማሹን ግራሶ ሸፍኖታል። ቢሆንም የፊርማው ጭራ ብቅ ብሎ ይታያል። "ደህና ሰው ነው የፈረመበት፤ ፊርማው ያስታውቃል" አሉና ሳይከራከሩ ከፈሉ።

ሚስታቸው ግን አላማራትም። "ስንወርድ በትምህርት ቤቱ በር ነው የምናልፈው። ቅዳሜም ግማሽ ቀን ይማራሉ፤ መንገዱን የሚሞሉት ሕፃናት ናቸው እኮ። ቁልቁለት ላይ ከመኪናችን ቢላቀቅስ? እስቲ የሚያውቅ ሰው ይየው።"

"የሚያውቅ ሰው? እኔ ምንድን ነኝ?"

"አንተማ ኃላፊ ነህ" አለች።

ጋሽ ብቁ አስተያየቱን በበጎ ተቀበሉት። ነገር ግን ባለንብረቱም መዛኙም እሳቸው በመሆናቸው ጉዳዩ በጥንቃቄ መያዝ ነበረበት። ረቡዕ ዕለት ለራሳቸው ማመልከቻ ጻፉ። ሐሙስ ጠዋት ማመልከቻው "ተገቢውን አካሄድ ያልተከተለ በመሆኑ" ውድቅ መደረጉን ለራሳቸው አሳወቁ። ከሰዓት በኋላ ቅሬታ አቀረቡ፤ ደጅ ጠኑ፣ ተለማመጡ። በመጨረሻ ራሳቸውን አሳዘኑና ኮሚቴ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ሰብሳቢ እሳቸው፣ ጸሐፊ ሚስታቸው፣ ገለልተኛ ባለሙያ ደግሞ ጎረቤታቸው በያጁ ሆኑ።

ዓርብ ከሰዓት በያጁ መጣ። ተጎነበሰ፣ በመዶሻ ሁለት ቦታ ኳ ኳ አደረገ፣ ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር አይጎተትም።"

"ምክንያት?"

"ጋንቾውን የያዘው ብረት ተሰንጥቋል። ይኸው እዚህ ጋ ይጀምርና በቦሎው ሥር ይገባል። ቦሎውን ልላጠውና የት ድረስ እንደሄደ እንየው።"

"እጅህን አንሳ!" ጋሽ ብቁ ደነገጡ። "ቦሎ መላጥ ክልክል ነው!"

"እሺ፣ ከቦሎው ሥር ያለው ስንጥቅስ?"

"ከቦሎ ሥር ስንጥቅ ሊኖር አይችልም። ቢኖር ኖሮ መጀመሪያውኑ ቦሎ አይሰጠውም ነበር።"

በያጁ ሚስትየዋን አየ። እሷ ሰማይ ሰማዩን አየች።

"ጋሼ፣ ልበይደው በቃ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።"

"በየትኛው ተራ ቁጥር?"

እውነትም ቅጹ ውስጥ ስለ ስንጥቅ የሚጠይቅ ተራ ቁጥር አልነበረም። ግርጌ ላይ "ሌላ አስተያየት" የምትል ሁለት ጣት የማታህል ቦታ ነበረች፤ ጸሐፊዋ ጨንቋት "በያጁ ቅር ብሎታል" ብላ ጻፈችባት። ተጎታቹ ከአርባ ሦስት አርባ ሁለቱን አመጣ። አንዷን የጣለው ቀለሙ ስለደበዘዘ ነው። ጋሽ ብቁ ማኅተማቸውን እፍ ብለው አሙቀው አሳረፉ፤ "የዛሬው ቀን በተሽከርካሪ ደህንነት ታሪክ ውስጥ" ብለው የጀመሩትን ንግግር ግን በያጁ ሹልክ ብሎ በመሄዱ አልጨረሱትም።

ቅዳሜ በጠዋት አማትየዋ ነጠላቸውን አደግድገው በእግራቸው ወርደው መጡ። በያጁም ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለ። ጋሽ ብቁ ቃለ ጉባኤውን ከአንድ እስከ አርባ ሦስት አነበቡላቸው።

"ጨረስክ ልጄ?"

"ጨርሻለሁ እማማ።"

"እኔ ቀሚስ ሰፍቼ ለባለቤቱ ከመስጠቴ በፊት ስፌቱን በሁለት እጄ ይዤ እጎትተዋለሁ። ከተተረተረም እኔው ፊት ይተርተር ብዬ። ይሄንን ማን ጎተተው?"

"እማማ፣ አርባ ሦስት ጥያቄ ነው እኮ የተጠየቀው።"

"ማን ጎተተው ነው ያልኩህ።"

"እስካሁን ... አልተጎተተም።"

"እንግዲያው የባሌ ቁምሳጥን ከመጫኑ በፊት ኮሚቴው ይጫን።"

ጸሐፊዋ መኪናቸውን የምትነዳው እሷ መሆኗን አስታወሰች። ገለልተኛው ባለሙያ ወገቡን አመመው። የቀሩት ሰብሳቢው ብቻ ነበሩ። ጋሽ ብቁ ፋይላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ፤ በተጎታቹ መሐል ቀጥ ብለው ተቀመጡና ለሚስታቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

መኪናዋ ተነሳች። ቀጭ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ብቁ መጀመሪያ ያስተዋሉት መኪናቸው እየራቀች መሄዷን ነው። ጋንቾውንና አንድ ክንድ የሚያህል ብረት አንጠልጥላ፣ ፍሬቻ አብርታ፣ በሥርዓት ከግቢው ወጣች። ሚስታቸው ነገሩን ያወቀችው ከዳቦ ቤቱ ደርሳ ሰው ሲስቅባት ነው። ተጎታቹ በአፍንጫው ተደፋ። ሰብሳቢው በቂጣቸው ተንሸራተው አማታቸው እግር ሥር አረፉ፤ ፋይሉም ተከትሏቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ።

"ተጎዳህ?"

"አልተጎዳሁም።"

"ተመስገን። ቁምሳጥኑ ቢሆን ይሰበር ነበር።"

በያጁ ከተሰበረው ብረት ላይ ለሁለት የተቀደደውን ቦሎ ላጠው። ከሥሩ ያምናው ነበር። ከሥሩ ያቻምናው። ስድስት ቦሎ አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፏል። "ጋሼ፣ ይሄን ብረት ይዞት የኖረው ቦሎው ነው" አለ በአድናቆት።

አማትየዋ አንዱን ተቀበሉና ግራሶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መነጽራቸውን አደረጉ። ፊርማውን አተኩረው አዩት።

"ይህቺን ፊርማ አውቃታለሁ" አሉ። "በልጄ የጋብቻ ወረቀት ላይ አለች። ያኔም ሳታነብ ነበር የፈረምከው።"

ጋሽ ብቁ ቦሎውን አዩ። ከዚያ በያጁን፣ ከዚያ የገዛ ጣታቸውን አዩ። "አይ እኔ!" ብለው መሬቱ ላይ እንደተቀመጡ በሳቅ ፈረሱ። "ደህና ሰው ነው የፈረመበት ብዬ እኮ ነው የገዛሁት! እኔን አምኜ! እኔን የሚያምን ቂል እኔው ሆኜ አረፍኩት!" እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሚስትየዋ ብረቱን አንጠልጥላ ስትመለስ በያጁ ድጋፍ ጨምሮ በየደው፤ እንዳለውም አንድ ሰዓት ፈጀበት። በራሱ ሁለት ጊዜ በባዶ፣ አንዴ በድንጋይ አስጎትቶ አየው። ከስድስት ሰዓት በፊት ቁምሳጥኑ ተጭኖ ቁልቁለቱን ጀመረ። ጋሽ ብቁ ቀይ ጨርቅ ይዘው ከፊት ከፊት በእግራቸው ወረዱ፤ ማንም አላዘዛቸውም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ሕፃናቱ እየተጋፉ ይወጡ ነበር። በዚያው መሐል አሸዋ የጫነ ተጎታች እየተንገጫገጨ ወረደ። ቀጥሎ ውሃ የጫነ። ቀጥሎ ድንጋይ። በሦስቱም ላይ ቦሎ ነበር፤ ከሩቅ ፊርማው አይነበብም፣ ማንበብም አላስፈለጋቸውም። ሳቃቸው ድንገት ጠፋ። አንዲት ትንሽ ልጅ በድንጋይ ጫኙና በአጥሩ መሐል ሾልካ ስታልፍ ቀዩን ጨርቅ አፋቸው ላይ ያዙ። "ፈርቼ ነበር" አሉን ስለዚያች ቅጽበት፤ "በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።"

ሰኞ ጠዋት፣ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ኃላፊው ከመስኮቱ ኋላ ተነስተው ወጡ። ወረፋው አንደኛ ላይ ወዳለው ተጎታች ሄዱ፣ ኮታቸውን አወለቁ፣ በጀርባቸው ተኝተው ሥሩ ገቡ።

"ኧረ ሰው ወደቀ!" ብሎ ሾፌሩ ጮኸ።

"ጋሼ ናቸው! ውሃ አምጡ!"

"አልወደቅኩም! እያየሁ ነው!" አሉ ከሥር።

"እያዩ ነው? ምን?"

"ተጎታቹን!"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። "ወይኔ፣ እየቃዡ ነው" አለች የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊያቸው። አራት ሆነው እግራቸውን ይዘው ጎትተው አወጧቸው፤ ውሃ አፈሰሱባቸው፤ በምዘና ቅጽ አራገቡላቸው። "የፊት ብረቱ ተሰንጥቋል፣ እንዳይወጣ!" እያሉ ቢጮኹም "አይናገሩ ጋሼ፣ ይደክምዎታል" እያሉ ተሸክመው የመሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ አደረሷቸው።

የክሊኒኩ ሐኪም እሱም ከራሱ መስኮት ኋላ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር።

"ዶክተር፣ ጤነኛ ነኝ። እባክህ ቀና በልና እየኝ።"

"አያስፈልግም፣ ወረቀትዎ ደርሶኛል" አለ ቀና ሳይል። "ለሥራ ብቁ አይደሉም" ብሎ ጻፈ፤ የአሥር ቀን ዕረፍት ጨመረ፤ ፈረመና በመስኮቱ አቀበላቸው። ጋሽ ብቁ ከልማድ የተነሳ ፊርማውን አዩት። የደህና ሰው ፊርማ ነበር።

ቀና ሲሉ በኮሪደሩ መስታወት በኩል ያ ተጎታች ከግቢው ሲወጣ አዩ። ምክትላቸው መስኮቷ ላይ ተቀምጠው ሥራው ተቀላጥፎ ነበር፤ አዲሱ ቦሎ እያብረቀረቀ ልክ ስንጥቁ ላይ ተለጥፏል። ወደ ቁልቁለቱ ታጠፈ።

ጋሽ ብቁ ያለ ኮት፣ ጀርባቸው በግራሶ እንደጠቆረ፣ "አቁም! አቁም በለው!" እያሉ በሩጫ ተከተሉት። ወረፋው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላቸው። ሐኪሙም ጩኸቱን ሰምቶ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ፤ ሲሮጡ አያቸውና ምርመራው ትክክል እንደነበር አረጋገጠ።