ለበረኛዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

የእኛ ሰው ሁሉን ነገር በሽማግሌ ይጨርሳል። ባልና ሚስት ቢኳረፉ ሽማግሌ፣ አከራይና ተከራይ ቢጣሉ ሽማግሌ። እንግሊዝ ደግሞ ሁሉን ነገር በኢሜይል ይጨርሳል። ሁለቱ ቢገናኙ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ ነበርኩበታ።

የእህቴ ልጅ ሊዲያ እዚሁ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ለሴቶቹ ኳስ ቡድን በረኛ ናት። አጎቷ ስለሆነ አጋነነ እንዳትሉኝ እንጂ፣ እሷ የቆመችበት ጎል ንፋስም አይገባው። ታዲያ የዋንጫው ጨዋታ ቅዳሜ ሊሆን፣ ሰኞ ከሰዓት እያለቀሰች ባተርሲ እናቷ ቤት ደረሰች። እኔም እዚያው ነበርኩ። ለካ ኳሱ ትምህርቱን እየበላው ነው ተብሎ አዲስ ደንብ ወጥቷል። የቤት ሥራውን ያላስረከበ አይጫወትም። ሊዲያ ደግሞ ልምምድ ላይ እየዋለች አንድ ጽሑፍ ሳታስገባ ቀርታለች።

"አጎቴ፣ ኤሴዩን ሰብሚት ሳላደርግ ቀኑ አለፈብኝ። ፋይናሉን ቤንች ላይ ሆኜ ላየው ነው" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ይቺ ልጅ ስለዚያ ዋንጫ ስታወራ ነው ዓመቱን የጨረሰችው።

ሌላ አጎት ቢሆን ለአሰልጣኟ ይደውል ነበር። እኔ ሽማግሌ ሰበሰብኩ።

ዋናው ጋሽ ደምሴ ናቸው። አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ መጥተው ሂትሮው አየር ማረፊያ ጥበቃ ይሠራሉ። ሁለተኛው የክሮይደኑ አቶ መኮንን ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ግን ሽበታቸው ያምራል። ለሽምግልና ሽበት ግማሽ ሥራ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

አሰልጣኟ ደግ ሴት ናት፤ ሦስታችን ቢሮዋ ስንደርስ ወዲያው ወንበር አቀረበች። ጋሽ ደምሴ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወንበሩ ያልተመቸን መስሏት ትራስ ያለው ልታመጣ ሮጠች። እሱንም እንቢ አልን። ግራ ሲገባት እሷም አብራን ቆመች። ጋሽ ደምሴ ስለ ይቅር ባይነት ረጅም ንግግር አደረጉ፤ እኔ ተረጎምኩ። እሷም ልጅቷን እንደምትወዳት፣ ነገር ግን መጀመሪያ ተማሪ መሆኗን፣ ያንን የቤት ሥራ ካስገባች በደስታ እንደምታሰልፋት ነገረችን።

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። "ምንድን ነው የምትለው? የቤት ሥራዋን አልሠራችም?" ይህቺን ትንሽ ነገር ሳልነግራቸው ነበር የመጣነው። ተቀመጡ። አቶ መኮንንም ተቀመጡ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያማ የድሮ ዳይሬክተርነታቸው ተነሣባቸው! የቅዳሜው ብቻ አይበቃም፣ እስክትመረቅ ኳስ የሚባል አትንካ ብለው ፈረዱ። ይህንንም እኔው ተረጎምኩ።

አሰልጣኟ ደነገጠች። ሌላ በረኛ የላትም። ኳስም እኮ ያስተምራል፣ የጎደላት አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ እባካችሁ እያለች ትለምን ጀመር። ጋሽ ደምሴ ወይ ፍንክች!

ሊዲያ ሐሙስ ጽሑፏን አስገባች። ጋሽ ደምሴ ግን ቃላቸውን አላነሱም፤ እህቴም እሳቸው ካሉት ዝንፍ አትልም። አሰልጣኟ ጨንቋት ደወለችልኝ። ምን ይሻለኛል አለች። ሽማግሌ ላኪ አልኳት።

አርብ ከሰዓት ጋሽ ደምሴን እህቴ ቤት ጠርተን የአሰልጣኟን ሽማግሌዎች እየጠበቅን ሳለ በሩ ተንኳኳ። አሰልጣኟ፣ አንድ ሽበታም ፕሮፌሰርና የሜዳውን ሣር የሚንከባከቡ አዛውንት ቆመዋል። ባስጠናኋቸው መሠረት ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጃችሁን ለቡድናችን ስጡን አሉ። እንዴት ደስ እንዳሉኝ! ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

ጋሽ ደምሴ ግን ወግ የሚያጓድሉ ሰው አይደሉም። የልጅ ነገር በአንድ ቀን አይመለስም፣ ተመካክረን እናሳውቃችኋለን፣ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ አሏቸው። ስተረጉምላቸው ፕሮፌሰሩ አሰልጣኟን አዩ፣ አሰልጣኟ እኔን አየችኝ። ጨዋታው በማግስቱ ነው!

ይሄኔ ሊዲያ ማልያዋን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ ከጓዳ ወጣች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች አንገቷን ደፍታ፤ "እኔ እሺ ብያቸዋለሁ።"