ስልክ አንድ፣ ከነጤፉ

እኔ ፊርማ እፈራለሁ። አትሳቁብኝ። አንዱ እባብ ይፈራል፣ ሌላው መርፌ ይፈራል፣ አማቱን የሚፈራም አውቃለሁ። የእኔ ፊርማ ነው። ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ የምትፈረመዋን ማለቴ አይደለም፤ እሷንማ ተሽቀዳድሜ ነው የምፈርማት። የምፈራው የንብረቱን ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ሞዴል ሃያ ሁለት የምትባል ቅጽ አለች። ከመጋዘን የሚወጣ ነገር ሁሉ እሷ ላይ በሰው ስም ይጻፋል። ወንበር በስምህ ከተጻፈ አለቀ። ሌላ ሰው ቢቀመጥበትም፣ ሌላ ሰው ቢሰብረውም ያንተው ነው። ስትዛወር ወይም ጡረታ ስትወጣ ሁሉንም መልሰህ ክሊራንስ የሚሉትን ወረቀት ካልያዝክ የትም አትሄድም።

ጊንጪ የሰብል ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ባልደረባ ነበሩን። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በስማቸው የተጻፈ አንድ አካፋ ጠፋ። ምን ችግር አለው ብለው ከገበያ ገዝተው መጡ። የንብረት ክፍሉ ኦቦ ደበላ መዝገባቸውን ገለጡና «የእኛ እጀታው ቢጫ ነው፣ ይኼ ቀይ ነው» አሉ። ጋሽ ታደሰ ቢጫ ቀብተው አመጡ። «የእኛ አሮጌ ነው፣ ይኼ አዲስ ነው» አሉ። ምን ያድርጉ? ክረምቱን ሙሉ ጓሯቸው ውስጥ አፈር ሲዝቁበት ከረሙ። ክሊራንሳቸውን ያገኙት ጎመናቸው ከደረሰ በኋላ ነው። ኦቦ ደበላ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። እሳቸውም ይፈራሉ። እሳቸው የሚፈሩት ኦዲተር ነው።

እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት፣ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ መሆኑ ነው፣ ያቺን ክሊራንስ አጥብቄ እፈልጋት ነበር። ባለቤቴ ጫልቱ አምቦ ነርስ ናት። ልጃችን ሲፈን ስምንት ወሯ ነው። እኔ የምውለውም የማድረውም ከጊንጪ ወደ ውስጥ በምትገባ የገጠር ቀበሌ ነው፤ መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ አምቦ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ። ልጅቷ አላወቀችኝም። በር ላይ ስታየኝ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥና እሪ ትላለች። እሑድ ማታ ትንሽ ስትለምደኝ ሰኞ እሄዳለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እሪ! የገዛ ልጅህ ሲፈራህ እንዴት እንደሚያም ምን ብዬ ልንገራችሁ? ዝውውር ጠይቄ ደብዳቤ እየጠበቅኩ ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ በስሜ ንብረት እንዳይገኝ ብዬ ያለኝን ሁሉ መልሻለሁ። እስክሪብቶ እንኳ ከቤቴ ነበር የማመጣው።

ታዲያ አንድ ሰኞ ከአምቦ አርፍጄ ጊንጪ ደረስኩ። ስብሰባ አመለጠኝ። በእኛ ቤት ስብሰባ የቀረ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ? ይመረጣል። የተገኘው ሁሉ እጁን አውጥቶ የሌለውን ይመርጣል። አንድ ፕሮጀክት አንድ ስልክ አምጥቷል፣ ማሳ ላይ ለአንድ ወር ተሞክሮ ይገመገማል፣ ደህና ከሆነ ለባለሙያው ሁሉ ይመጣል ተባለ። ገምጋሚው በሙሉ ድምፅ እኔ ሆንኩ። ኦቦ ደበላ ሞዴል ሃያ ሁለቷን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ስፈርም ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ። እሱን ደግሞ ፈርተው ሁለተኛ አስፈረሙኝ።

ስልኩን ላሳያችሁ። ጥቁር ነው፣ ወፈር ይላል። ፊት ለፊት ስታዩት እንደማንኛውም በጣት የሚነካ ስልክ ነው። በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት ግን «ቻክ!» ብሎ መስተዋቱ ወደ ላይ ይንሸራተትና ከሥሩ ሙሉ የቁልፍ ሰሌዳ ብቅ ይላል። እንደ ታይፕራይተር፣ ግን ለቁራጭ ጣት የተሠራች። ከኋላው የኮት ቁልፍ የሚያክል ካሜራ አለው። የካሜራውን ነገር እመለስበታለሁ።

«ቻክ» ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ቻክ ይላል። የሚንሸራተት ነገር አንድ ቀን መንሸራተቱን ማቆሙ ይቀራል? ስለዚህ ራሽን አወጣሁለት። በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ይከፈታል። በመሐረብ ጠቅልዬ፣ መሐረቡን በፌስታል ጠቅልዬ፣ የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከትቼ በእጄ ደግፌው እሄዳለሁ። ወደ አምቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ደረቴን ይዤ ላብ ሲያጠምቀኝ አይተው ልቤን ያመኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስልክ ነው ብል ሌባ ይሰማል። አዎ አልኩ። ሴትየዋ ጸሎተኛ ኖረዋል፤ እጃቸውን ደረቴ ላይ ጫኑና ጮክ ብለው ይጸልዩልኝ ጀመር። ተሳፋሪው አሜን ይላል። ሾፌሩም አሜን ይላል። አምቦ እስክንገባ የተጸለየው ለስልኩ መሆኑን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አሁን ካሜራው። እዚያው ደንዲ ወረዳ ውስጥ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ስንዴያቸው ለምለም ነው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸዋል። አንድ ቅጠል ፎቶ አንስቼ ሳሰፋው በዓይኔ ያላየሁት ነገር ታየ። በቅጠሉ ጅማት መሐል ለመሐል ቢጫ ነጠብጣብ በመስመር ተደርድሯል። ዋግ ነው፣ ስንዴ የሚያጠፋው በሽታ። ገና መጀመሩ ነው። ኦቦ ገመቹ ፎቶውን አዩ፣ ስንዴያቸውን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ። «ኦጌሳ» አሉኝ፤ ባለሙያ ማለታቸው ነው። «ይኼ የእኔ ማሳ ነው?» ፊታቸው አመድ መሰለ። የዓመት ቀለባቸው እዚያ ላይ ነው።

ፎቶው አምቦ ላለው የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ መላክ አለበት። ኔትወርክ ያለው ደግሞ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እውነቱን ልናገር? ስልኩን አሰብኩ። ነገ እልካለሁ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሽማግሌው ግን ቀድመውኝ ኮረብታውን መውጣት ጀምረዋል። አፍሬ ተከተልኳቸው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ጣቴ ጭቃ ነው፣ መስተዋቱ ውሃ ነው፤ ብነካው ብነካው አልሰማ አለ። «ቻክ» አደረግኩት። ቁልፎቹ ጭቃም ቢሆን ሰሙ። የእኛ ሪፖርት በኦሮምኛ ነው የሚጻፈው፤ ቁቤው፣ የላቲኑ ፊደል ማለቴ ነው፣ ሰሌዳው ላይ እንዳለ አለ፣ ፊደል ፍለጋ የለም። ኦቦ ገመቹ ኮታቸውን አውልቀው ከላዬ ዘረጉት። ጽፌ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ነገውኑ መድኃኒት ይረጭ። ተረጨ፣ ስንዴውም ተረፈ። ሽማግሌው «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» እያሉ ሲያመሰግኑኝ እኔ ከስልኩ የሚንጠባጠበውን ውሃ ነበር የማየው።

ውሃ የገባው ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምቻለሁ። ሩዝ ከየት ይምጣ? ብቻዬን የምኖርበት ቤት ውስጥ ያለው ግማሽ ማዳበሪያ ያልተፈጨ ነጭ ጤፍ ነው። ጤፍም እህል፣ ሩዝም እህል ብዬ ቀበርኩት። ያውም እንዲናፈስ ብዬ ከፍቼ! በማግስቱ ሳወጣው በራ። ነፍሴ ተመለሰች። ልዘጋው ስገፋው ግን «ክርርር» አለ። ጤፍ በየት እንደማይገባ ንገሩኝ እስቲ! በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር፣ በሐዲዱ፣ በጎኑ፣ በየስንጥቁ ጤፍ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመርፌ ስለቅም ከረምኩ። ሰው ማሳ ሲያርም እኔ ስልክ አርማለሁ።

የግምገማው ቅጽ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ስጥ ይላል። ካሜራው አምስት ነው፣ ቁልፉም አምስት ነው፤ ልቤ ያውቀዋል። ግን አምስት ብሰጥና ሌላው ሰው እጅ ላይ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? አንድ ብሰጥስ ለምን ተቃወምክ እባላለሁ። ሁሉንም ሦስት ሞላሁት። «ያጋጠመ አደጋ» በሚለው ቦታ «የለም» ብዬ ጻፍኩና ዓይኔን ጨፍኜ ፈረምኩ።

ቅጹን ባስገባሁ በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤዬ መጣ። አምቦ! ግን በአሥር ቀን ውስጥ ከነክሊራንስህ ካልተገኘህ ተሰርዟል ይላል። ዓርብ ዕለት ስልኩን ይዤ ኦቦ ደበላ ዘንድ ገባሁ። ዞር ዞር አድርገው አዩት። ከዚያ «ቻክ» አደረጉት። ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ሞዴሏ ላይ፣ ጤፍ ተንጠባጠበ።

ኦቦ ደበላ በእስክሪብቷቸው ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሰባት ፍሬ። «ስትረከብ ነበር?» አሉኝ። አልነበረም አልኩ። «አሁን ግን አለ» አሉ። ኦዲተር ቢመጣና ከፍቶ ቢያይ የት አመጣችሁት ይለኛል፣ ብጥለው ደግሞ ከንብረቱ ላይ ምን ቀነስክ ይለኛል ብለው ተጨነቁ። እኔም አብሬያቸው ተጨነቅኩ። በመጨረሻ እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «ስልክ 1፣ ከነጤፉ፣ ነጭ፣ ፍሬ 7።» ከዚያ ሰባቱን ፍሬ በጥፍራቸው እያነሱ ወደነበረበት መለሱ። ርክክቡ ላይ አብሯቸው የሚፈርመው ሁለተኛ ሰው ግን ሥልጠና ሄዷል። እስከ ሰኞ ስልኩን ከነጤፉ በኃላፊነትህ ያዝ ተባልኩ።

ቅዳሜ አምቦ ገባሁ። ሲፈን እንደለመደችው አየችኝና እሪ! እኔ ግን ያን ቀን የመጣሁት በጤፍ ጭንቀት ነው። መንገዱ ስላንገጫገጨኝ ፍሬዎቹ መኖራቸውን ላረጋግጥ ስልኩን አወጣሁና «ቻክ» አደረግኩት።

ልጅቷ ዝም አለች።

ዘጋሁት። ከፈትኩት። «ቻክ!» ሳቀች። እንደገና «ቻክ!» እየዳኸች መጣች፣ ጉልበቴን ይዛ ቆመች፣ እጇን ዘረጋች። የእኔ ልጅ፣ በራሷ ፈቃድ፣ ወደ እኔ። ጫልቱ ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆመች። በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ የሚከፈተውን ስልክ እስከ እሑድ ማታ ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አላውቅም። ሲፈንም ጣቷን እያስገባች ትፈለፍላለች፣ ጣቷን ትልሳለች። ስልኩን እንደዚያ ቀን ገምግሜው አላውቅም፤ ቅጹ ግን ልጅ ያስቃል ወይ ብሎ አልጠየቀም።

እሑድ ማታ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፌ ቆጠርኩ። ስድስት። ምንጣፉን ገለበጥኩ፣ ልብሷን አራገፍኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ስድስት። ዞር ስል ሲፈን ከንፈሯን ታጣጥማለች። አፏን ከፍቼ አየሁ፤ ዋጥ አድርጋዋለች። ጫልቱ በነርስ ድምፅ አንድ ፍሬ ጤፍ ምንም አያደርጋትም አለችኝ። እሷንማ አያደርጋትም፣ እኔን ነው አልኳት። ጓዳ ገብቼ ከጤፋችን አንድ ፍሬ ልበደር ስል የእኛ ቤት ጤፍ ቀይ ነው፤ ነጩ ያለው ገጠሩ ቤቴ ነው፣ ከሥራ ሰዓት በፊት አይደረስበትም። የጋሽ ታደሰ አካፋ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም።

ሰኞ ኦቦ ደበላ ፊት ቆሜ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የንብረት ክፍል ውስጥ እውነት ተናገርኩ። ሰባተኛዋን ልጄ በልታታለች አልኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መዝገባቸውን ገለጡ። «ወጪ ሆኗላ» አሉ። «ወጪ የሆነ ነገር ደግሞ ተቀባይ ይፈርምበታል።» ልጅቷ ገና አሥር ወሯ መሆኑን ነገርኳቸው። መጻፍ ለማይችል የአውራ ጣት አሻራ ይበቃል አሉ። ቅጹ ከቢሮ አይወጣም፣ እሷ ትምጣ።

ማክሰኞ ጫልቱ ሲፈንን አዝላ ከአምቦ ጊንጪ መጣች። ልጅቷ ኦቦ ደበላን ስታይ እሪ አለች። ሽማግሌው ደነገጡና ስልኩን አንስተው «ቻክ» አደረጉላት። ሳቀች። በዚያው ሳቋ ላይ አውራ ጣቷን የማኅተም ቀለም አስነክተን ቅጹ ላይ አሳረፍነው። ክሊራንሴን ይዤ ወጣሁ። ቀኑ ሳያልፍ አምቦ ገባሁ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ።

ስልኩ አልተገዛም፤ ገምጋሚው ሁሉንም ሦስት ስለሰጠ አቋሙ አልታወቀም ተባለ። ሲፈን አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። በቀደም ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ብላት እንደ አባዬ የመንግሥት ሠራተኛ አለችኝ። ጫልቱ ደስ አላት። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። አንድ ፍሬ ጤፍ፣ ነጭ፣ በስሟ ተጽፎ ጊንጪ መዝገብ ላይ አለ። አልመለሰችውም።