ጋሽ ሞዞና የተኙት ማርሾች

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ «ይሄማ አይጣልም» ባይ ተመድቦለታል። ማን እንደሚመድበው አላውቅም፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላው ከየት መጣ ሳይባል ቦታውን ይይዛል። የተሰበረ ዕቃ ይዛችሁ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ስትሄዱ ከኋላችሁ ኮቴ ከሰማችሁ እሱ ነው። ቀስ ብሎ ከእጃችሁ ይቀበልና እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ያገላብጠዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው የእናንተ አይደለም።

የኛ ሰፈር ሹመኛ ክቡር ጋሽ ሞዞ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ሞዞ ማለት የብስክሌት ጎማ መሀል ያለችው፣ የጎማው ሽቦዎች ሁሉ የሚሰበሰቡባት ድብልብል ብረት ናት። የዛሬ ብስክሌት ማርሹን ከውጭ ደርድሮ እንደሚስቅ ሰው ጥርሱን ያሳያል። የድሮዎቹ ጨዋ ነበሩ፤ ቀላሉን፣ መካከለኛውንና ከባዱን ማርሽ ሞዞው ሆድ ውስጥ ደብቀው ዝም ይላሉ። ጋሽ ሞዞ የሚጠግኑት እነዚህን ብቻ ነው። ሌላ ዓይነት ብስክሌት ሲመጣባቸው «የሱ ነገር ሁሉ አደባባይ ነው» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

የሥራ ክፍላቸው ከካፌያችን ፊት ለፊት ነው። ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ የቲማቲም ቆርቆሮ ሞልቶታል፤ በየቆርቆሮው ውስጥ አንድ አንድ ሞዞ ነጭ ጋዝ ውስጥ ተነክሮ ተኝቷል። ተኝቷል የሚሉት እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው። ደንበኛ መቼ ልምጣ ሲላቸው «ይተኛበት» ይሉታል። ሞቷል እኮ ካላቸው ደግሞ ይቀየማሉ። «አልሞተም፣ ደክሞት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ተሸክመህ፣ አንተ ብትሆን አትተኛም?» ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ጋዙ ወርቅ ይመስላል፤ ጋሽ ሞዞም በርጩማቸው ላይ ከሞዞዎቻቸው ጋር ያንቀላፋሉ፤ ዝገቱ በእንቅልፍ ልቡ ብረቱን ለቆ ወደ ታች ይሰምጣል። በበሩ የሚያልፍ ሰው ሳይታወቀው እርምጃውን ያለዝባል። እኔ ራሴ አንዴ ፓምፕ ልዋስ ገብቼ ስወጣ መሽቶ ነበር፤ ፓምፑንም አልያዝኩም።

መለዋወጫ የሚባል ቃል ፊታቸው አይነሳም። እንደሳቸው እምነት መለዋወጫ በየቤቱ ሞልቷል፤ ሰው ስሙን አሳስቶ እየጠራው ነው እንጂ። የሰርዲን ቆርቆሮ በመቀስ ክብ ሆኖ ከተቆረጠ ከብሎን ሥር የሚገባ ሮንዴላ ነው። የጥርስ ብሩሽ እጀታ እሳት ካየ የማርሽ ገመድ መያዣ ነው። በሰፈራችን ጫፉን ሲጫኑት ወጣ ገባ የሚል እስክሪብቶ የለም፤ የሁሉም ሞላ ብስክሌት ላይ ሥራ ይዟል። ባለቤቴ አንዲት የሻይ ማንኪያ ስትፈልግ ከርማ በመጨረሻ በኔ ብስክሌት የኋላ ጎማ ላይ ታስራ አገኘቻት። «ማንኪያዬ ከኔ ቀድማ አገር ትዞራለች» አለችና ልትጣላቸው ወጣች። ስትመለስ የልብስ ስፌት መኪናዋን ዘይት አበድራቸው ነበር።

በነዚህ የድሮ ሞዞዎች ውስጥ፣ በሁለት ማርሾች መሀል፣ የማንም ያልሆነች ቦታ አለች። እዚያ ላይ ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል፤ እግር ይሠራል፣ ብስክሌቱ አይሰማም። ሌላ ጠጋኝ ጉድለት ይላታል። ጋሽ ሞዞ ግን ሰው የሚያስበው እዚያች ቦታ ላይ ነው ባይ ናቸው። የሰፈራችን የጥርስ ሐኪም እዚያች ቦታ ላይ ሲያስብ ድንች የጫነ ጋሪ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ሁሉ እየሳቅኩ የማወራው ነገሩ እቴቴ ዳቦ ዘንድ እስኪደርስ ነው። እቴቴ ዳቦ ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ላለው አዳሪ ትምህርት ቤት ትኩስ ዳቦ በብስክሌት የምታደርስ፣ ድምፅዋ ከደወል የማያንስ ሴት ናት። አንድ ቀን ቀላሉ ማርሽ ጠፋባት። የድሮ ሞዞ ሲከፋው ደግሞ የሚያስቀርላችሁ ለዳገት የማይሆነውን ነው። ብስክሌቷን እየገፋች መውጣት ጀመረች፤ ዳቦው ቀዝቅዞ ደረሰ፤ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አማረረ። ዳቦ ጋጋሪውም ሰኞ ዳቦው ትኩሱን ካልደረሰ ዳገቱን ለሞተር እሰጣለሁ፣ አንቺ ባንኮኒ ጀርባ ትቆሚያለሽ አላት።

ለሌላ ሰው ባንኮኒ ዕረፍት ነው። እቴቴ ዳቦ ግን የማን ልጅ እንዳመመው፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ የምታውቀው፣ የምታስታርቀውም በዚያ ዳገት ላይ ነው። ብስክሌቷን ካፌው በር ላይ አስደግፋ፣ «እዚያ ካቆሙኝ እንደ ትናንት ዳቦ ደርቄ ነው የምቀረው» አለችን። የሳቀ የለም።

እኔም መከርኳት፤ የማልመክረው ስተኛ ብቻ ነው። ይህን ሞዞ ጥለሽ አዲስ ግዢ አልኳት። ጋሽ ሞዞ «ጥለሽ» የሚለውን ቃል ከማዶ ሰምተው መንገዱን ተሻገሩ፤ ብስክሌቱን እየገፉ ወሰዱት።

ሞዞው ተከፈተ። ሆዱ ውስጥ ጥፍር የሚመስሉ ትንንሽ ብረቶች አሉ፤ ከቅንድብ ፀጉር የማይወፍሩ ሞላዎች ከኋላ እየገፏቸው ጎማውን ቧጠው ይይዙታል። ሞላዎቹ ዝገው ተበጥሰዋል፣ ጥፍሮቹም ሰንፈዋል። የእስክሪብቶ ሞላ ተሞከረ፣ ወፈረ። ጋሽ ሞዞ ካፌ ገቡና ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የሚኖረውን ጊታር ትክ ብለው አዩት። ባለካፌው ጌጥ ነው እኮ ብሎ ሳይጨርስ ቀጭኗን ክር ፈተው፣ ጌጥነቱ ይብቃው፣ ሥራ አግኝቷል አሉት። ክሩን በመርፌ ላይ ጠምጥመው ሞላ አደረጉት።

ከዚያ ጋሽ ሞዞ ሰው ከፍቅር ብዛት ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠሩ። ለማንም ደንበኛ ዘይት በጠብታ የሚሰጡት ሰው፣ ለእቴቴ ዳቦ ክብር ብለው ሞዞውን በወፍራም ግራሶ ጢም አድርገው ሞሉት። እሁድ ረፋዱ ላይ ልትሞክረው ወጣች። ዳገቱ እግር ላይ ፔዳሉ ባዶውን ዞረ፤ እሷም ከነብስክሌቷ ወደ ጎን ተጋደመች። ጥፍሮቹ ማር ውስጥ እንደገባች ዝንብ ግራሶው ውስጥ ተይዘው ቀርተዋል። ብስክሌቱን እየጎተተች መጥታ በራቸው ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይጠግኑልኝ አልኩ እንጂ ይቀቡልኝ አልኩ? እኔ ዳቦ እንኳን እንዲህ አልቀባም።»

ጋሽ ሞዞ አቀረቀሩ። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው ያበዛሁት» አሉ።

እቴቴ ዳቦ ለስድብ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች። እንዲህ ያለ ነገር ሰፈሩ አይቶም ሰምቶም አያውቅም።

ሞዞው እንደገና በጋዝ ታጠበ። ለመተኛት ግን ጊዜ አልነበረውም፤ ሰኞ ደርሷል። ጋሽ ሞዞ ያልተኛ ሞዞ ሲገጥሙ ያን ቀን ብቻ አየኋቸው።

ሰኞ ጠዋት ጭጋግ ሰፈሩን ውጦታል። የካፌው ሰው በሙሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ዳገቱ ግርጌ ወጥቶ ቆሟል። ዳቦ ጋጋሪው በሞተሩ ቀድሞ ወጥቶ ጫፉ ላይ ይጠብቃል። እቴቴ ዳቦ እንፋሎቱ ከጭጋጉ የሚቀላቀል ቅርጫቷን ጭና አለፈችን። ሞዞው ሜዳው ላይ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ይላል። ዳገቱ ሲጀምር ማርሹን ቀነሰች፤ ድምፁ ድርግም አለ። ጭጋጉም እሷን ዋጣት።

ተያየን። ባለካፌው ክሩ ተበጠሰ አለ። እኔም፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ ጊታር ላይ እያለም ዘፍኖ አያውቅ አልኩ። ጋሽ ሞዞ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል።

«ዝም በሉ» አሉን። «ቀላሉ ማርሽ ድምፅ የለውም። ቲክ ካለ ነው ለቀቀ ማለት።»

ዝም አልን። ዳገቱም ዝም አለ። ከጭጋጉ ውስጥ የሚመጣው የእቴቴ ዳቦ ሰላምታ ብቻ ነበር፤ በየበሩ እየጠራች ትወጣለች፣ መጀመሪያ ከቅርብ፣ ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከዚያ ከሕልም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሞተሩ ወረደ። ዳቦ ጋጋሪው በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ግማሽ ዳቦ ይዟል። «አፌን አቃጠለኝ» ብሎን አለፈ።

የዳገቱ ግርጌ በጭብጨባ ተናጋ። ምሥራቹን ለጋሽ ሞዞ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሌላው ሰው ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እኔ፣ በሰው ላይ የምለው የማላጣው፣ አጠገባቸው ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ያንን ምንም፣ ሻዬ እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ አብሬያቸው አዳመጥኩት።