መርዶ በፓወርፖይንት

ዛሬ ያደረግሁትን ብነግራችሁ «ውሸትሽን ነው!» ትሉኛላችሁ። ምነው ውሸቴን በሆነ!

አንዲት ሴት መርዶ አረዳሁ። በፓወርፖይንት። መላው ክላስ እያየ። ነጥብ በሚያዝበት ፕረዘንቴሽን ላይ!

እየነዳችሁ የምታነቡ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጡ። አባቴ የትራክ ሹፌር ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም።

አስቀመጣችሁ? እሺ፣ ከሥሩ ልጀምር።

እንደምታውቁት ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። «ይሄ ቀላል ነው» ብለው ያስያዙኝ አንድ ኮርስ አለ፤ ስለ ቱሪዝምና ስለ ቦታዎች ነው። (ቀላል የሚባል ኮርስ የለም። ማንንም አትመኑ።) ፕሮፌሰሯ አሳይንመንት ሰጠችን፦ አንድ የታወቀ አሮጌ መንገድ ምረጡ፤ በዳሩ ያለች ትንሽ ከተማ በምን እንደምትኖር አሳዩ።

ተናግራ ሳትጨርስ እጄን አወጣሁ።

እኔ እንዲህ ነኝ። ጥያቄው ሳያልቅ እጄ ይወጣል። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ እስኪጠሩሽ ጠብቂ» ትለኛለች።

ግን እኮ የራሴ መንገድ ነበረኝ! ሩት 66።

ለማታውቁት፦ የአሜሪካ የድሮ አውራ ጎዳና ነው። ድሮ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሁሉ በእሱ ያልፍ ነበር። በኋላ ሰፊው ፍሪዌይ በጎን ተሠራና መኪናው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ትንንሾቹ ከተሞች ባዶ መንገድ ታቅፈው ቀሩ። ታዲያ ምን አደረጉ? አላፊ አግዳሚው እንዲቆም በየመንገዱ ዳር ግዙፍ ግዙፍ ነገር አቆሙ። አንዱ ግዙፍ ሰው፣ አንዱ ግዙፍ ዓሣ፣ አንዱ ግዙፍ ጫማ።

እኔ የማውቃት ከተማ ኦክላሆማ ውስጥ ናት። ያቆመችው ዶሮ ነው።

አውራ ዶሮ! ከቤት ይረዝማል። ቀይ ቀለሙ ተላልጧል፣ አንድ ዓይኑን ንፋስ ወስዶታል። ከእግሩ ሥር ትንሽ ምግብ ቤት አለች፤ ባለቤቷ ሊንዳ ትባላለች። አባቴ ከቶሮንቶ ጭነት ይዞ በወረደ ቁጥር ከፍሪዌዩ ወጥቶ እዚያ ያድራል። ትራኩን ካቆመ በኋላ ቪዲዮ ኮል ያደርግልኛል።

«እሙዬ፣ እይው እስቲ! ይሄን አሥራ ሁለት ቦታ ለመበለት እኮ መጋዝና መሰላል ያስፈልጋል!»

ሁልጊዜ ያው ቀልድ። እማዬም ከኩሽና ሁልጊዜ ያው መልስ፦ «ሽንኩርቱንስ ማን ይከትፍልሃል?»

ከዚያ ሊንዳ ከጀርባው ብቅ ትላለች፦ «ሃይ ኢሙዬ!» ስሜ ይመስላታል። መኮንን ማለት ስላቃታት አባቴን «ማክ» ትለዋለች። እሱም ምግብ ሲያዝ «እትዬ ሊንዳ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ «ኢትዬ» በእኛ ቋንቋ ሼፍ ማለት ይመስላታል። ማንም አላረማትም። ደስ ካላት ምን አለበት?

አባቴ በዲሴምበር አረፈ።

ልቡ ነው። ከጉዞ ሲመለስ፣ ድንበሩን ወደ ካናዳ እንደተሻገረ፣ ዊንዘር ላይ።

እኔ የዚያን ሰሞን ፈተና ላይ ነበርኩ። ስለዚህ አልነገሩኝም። እማዬ «ደብል ሺፍት ነኝ» እያለች አክስቴ ቤት ሄዳ ታለቅስ ነበር። እኔ እዚህ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ቁጭ ብዬ ለአባዬ ቴክስት እልካለሁ። «ዛሬ አሪፍ ሠራሁ!» «ለምን አትመልስም?» «ዶሮው ዋጠህ እንዴ?»

የመጨረሻውን ፈተና በጨረስኩ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ የአፓርታማችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ኮሪደሩ በሙሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ነው። ከአባቴ ጋር ለዓመታት የነዱት ጋሼ ወርቁ ብቻ ከመሃላቸው የሉም፤ ወሬውን የሰሙት ጭነት ይዘው ወደ ደቡብ ሲወርዱ ነው። (ይቺን ያዙልኝ።)

ምን እንዳሉኝ አላስታውስም። የማስታውሰው እኔ የጠየቅኩትን ነው። «መቼ?»

ሲነግሩኝ የጻፍኩለት ቴክስት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

ያን ዕለት ማልኩ። እኔ ማንንም እንዲህ አላደርግም! ሰው ከሞተ ፊት ለፊት «ሞተ» ነው። እኔ ዘመናዊ ሰው ነኝ።

ዘመናዊ! ቆዩኝማ።

ጃንዋሪ ላይ ለፕሮፌሰሯ ኢሜይል ጻፍኩ፤ አባቴ ስለሞተ የመጀመሪያውን ሥራ ለማስረከብ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ። ደግ ደግ ቃልም ጨመረችበት። ስለዚህ እሷ ታውቃለች። ክላሱም ያውቃል፤ ጥቁር ለብሼ ነበር የተመለስኩት።

ከዚያ ይሄ አሳይንመንት መጣ። ለሊንዳ ምግብ ቤት ደወልኩ።

«ሊንዳ፣ እኔ ነኝ። የማክ ልጅ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ኢሙዬ!» አለች በመጨረሻ። «አባትሽ… እንዴት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። «ሞተ» ልል ነው። አንድ ቃል ናት።

ግን በልቤ ምን መጣ መሰላችሁ? መርዶ በስልክ አይነገርም! ከጎኗ ማን አለ? የፈላ ውሃ ይዛ ቢሆንስ? እህል ቀምሳለች? ብትወድቅ ማን ይደግፋታል? ከዶሮው በቀር ማንም የለም!

«ደህና ነው» አልኩ። «ሥራ ላይ ነው።»

«ሥራ ላይ» አለች ቀስ ብላ። «እሺ። ሰላም በይልኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ያለቀስኩ ይመስላችኋል? አይደለም። ፈገግ ብዬ ነበር።

ምክንያቱም አባቴ ሥራ ላይ ነበር! በዓለም ላይ አንዲት ቦታ ነበረች፤ ስደውልላት አባቴ ሥራ ላይ የሆነባት።

እና ደግሜ ደወልኩ። «የዶሮው ቀለም በትክክል ምን ዓይነት ቀይ ነው?» ብዬ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ዓይኑ የወደቀው የቀኙ ነው የግራው?» ብዬ። በየመሃሉ «ማክ እንዴት ነው?» ትላለች፤ እኔ «ደህና ነው» እላለሁ። አንድ ቀን «ደህና» ብቻ ማለት ስለሰለቸኝ «ትንሽ ጉንፋን ይዞታል» አልኳት።

አዎ። የሞተ አባቴን ጉንፋን አስያዝኩት!

«ሾርባ ይጠጣ» አለችኝ። ድምጿ ተሰብሮ ነበር። እኔ ግን ንፋስ መስሎኝ አለፍኩት።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን ፕሮፌሰሯ «ከቦታው እንግዳ በቪዲዮ ለሚያቀርብ ተጨማሪ ነጥብ አለ» አለች።

የማን እጅ ቀድሞ ወጣ? እናንተው መልሱ።

ጥንቃቄዬን ስሙ ደግሞ። የመጨረሻዋ ስላይድ የአባቴ ፎቶ ናት፤ ዶሮው ሥር ቆሞ እየሳቀ። ከሥሯ «ለአባቴ መታሰቢያ» የሚልና የኖረበት ዘመን ተጽፏል። ዕቅዴ እንዲህ ነበር፦ ሊንዳን አመሰግናለሁ፣ ቪዲዮውን እዘጋለሁ፣ ስላይዷን ያኔ አሳያለሁ። በመስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ!

ዛሬ ሊንዳ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሊፕስቲክ ተቀብታ ብቅ አለች። ላፕቶፑን ውጭ ድረስ ይዛ ወጥታ ዶሮውን ከጀርባዋ አድርጋለች። ክላሱ ወደዳት። ትምህርት ቤቱ ልጅ አጥቶ እንደተዘጋ ነገረችን። የሞቴሉ መብራት ግማሽ ፊደሉ ብቻ እንደሚበራ። ልጇ ለሥራ ወደ ትልቅ ከተማ እንደሄደና እንዳልተመለሰ። «ይሄ አስቀያሚ ዶሮ ባይኖር» አለች፣ «እኛም መኖራችንን ማንም አያውቅም ነበር።»

እኔ ኮርቻለሁ። A ታየኝ።

«ደግሞ ሹፌሮቼ አሉ» አለች። «ከሁሉም የምወደው የዚህች ልጅ አባት ነው። ኢሙዬ፣ ማክ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀው?»

የክላሱ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ፕሮፌሰሯ ከማስታወሻዋ ቀና አለች። አየችኝ። ያ የጃንዋሪ ኢሜይል በግንባሯ ላይ ተጽፎ አየሁት።

አስቡት እንግዲህ! «ሞቷል» ብል ሴትዮዋን በሰው ፊት፣ ንፋስ ላይ አቁሜ አረዳኋት። «ደህና ነው» ብል ለነጥብ ብላ አባቷን የገደለች ልጅ ነኝ።

«ተሽሎታል» አልኩ።

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች።

እጄ ተንቀጠቀጠ። በእጄ ደግሞ የስላይድ መቀየሪያዋ ነበረች።

እኔ ጀርባዬን ለስክሪኑ ስለሰጠሁ ስላይዷ ስትቀየር አላየሁም። ያየሁት ከፊቴ ባለው ላፕቶፕ የሊንዳን ፊት ነው። እኛ የምናየውን ሁሉ እሷም ታያለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዞር ስል አባቴ ግድግዳውን ሞልቶ ይስቃል፤ ከሥሩ ዘመኑ።

«ቁጭ በይ!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ! «ሊንዳ፣ በማርያም፣ ቁጭ በይ! ማን አለ ከጎንሽ?»

ክላሱ ምን ይበል? እኔ ሰው እንዲደግፋት ዶሮውን እየተማጸንኩ ነው።

ሊንዳ ግን አልወደቀችም።

«ነግረውሻል?» አለች። «ኦ ማይ ጋድ። ተመስገን፣ ነግረውሻል!»

«አንቺ… ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ወርቁ ያኔ መጥቶ ነገረኝ» አለች እያለቀሰች። «እዚሁ ቁጭ ብሎ። ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ ገና አልተነገራትም አለኝ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም፣ በድንገት ብትደውል ምንም አታውቂም አለኝ። እኔም ቃል ገባሁለት።»

ጋሼ ወርቁ ከዚያ ጉዞ በኋላ ረጅም መንገድ ትተው ከተማ ውስጥ መንዳት ጀመሩ። «መኮንን የሌለበት መንገድ አይታየኝም» ብለው። ስለዚህ ለሊንዳ «አሁን ተነግሯታል» የሚላት ሰው ጠፋ!

«ደውለሽ ሥራ ላይ ነው ስትዪኝ» አለች፣ «ይቺ ምስኪን እስካሁን አታውቅም አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ! ይሄ ፈተና መቼ ነው የሚያልቀው እላለሁ! ጉንፋን ይዞታል ያልሽኝ ቀን ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።»

ይታያችሁ! እኔ እሷን ስጠብቅ፣ እሷ እኔን ስትጠብቅ። ሁለታችንም አባቴን እየተቀባበልን በሕይወት አቆየነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በወጉ አላስታውስም። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ ያ ሁሉ መስታወት ፊት የተለማመድኩት ቀረ። ፕሮፌሰሯ ቪዲዮውን ልትዘጋ የመጣች መስሎኝ ነበር። ወንበር ነው የሳበችልኝ። አንዱ ናፕኪን አቀበለኝ። ሰዓቱ አልቆ እንኳን ማንም አልተነሳም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ተቀመጠ። ማንም ሳያስተምራቸው ለቅሶ ደረሱ!

በኋላ «ስለዋሸሁ ይቅርታ» አልኳት ፕሮፌሰሯን።

«ለምን እንደዋሸሽ ገብቶኛል» አለች። «ግን ከተሰጠሽ ጊዜ አሳልፈሻል። ለእሱ ነጥብ ልቀንስ ነው።»

ትቀንስ!

ረጅሙን የባስ መንገድ ወደ ስካርቦሮ ተመለስኩና ለእማዬ ነገርኳት።

«መርዶ በኮምፒውተር?» አለች ፊቷን ይዛ። «ኧረ አንቺ ልጅ! ከጎኗ ማን ነበር?»

«ዶሮው።»

እማዬ ሳቀች። ከዲሴምበር ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተለወጠባትና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ሽንኩርቱንስ ማን ይከትፍልሃል» አለች በቀስታ። ለእኔ አልነበረም።

ትንሽ ቆይታ ተነሳች። ለጋሼ ወርቁ ደወለች። «ጋሼ፣ ክረምት ሲወጣ ይወስዱናል። ያቺ ሴትዮ ብቻዋን ናት ያዘነችው፤ ሄደን መድረስ አለብን» አለቻቸው። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ እማዬ ግን «አውቃለሁ ጋሼ፣ አውቃለሁ» ስትል ሰማሁ።

ለእማዬ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ሊንዳ «ማክ እንዴት ነው?» አትለኝም። ስደውል የሚነሳው ስልክ ያው ነው። ዶሮውም እዚያው ነው። አባቴ ግን ከሥራ ወጥቷል።

ትምህርቱ ምንድን ነው ካላችሁኝ፦ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የስላይድ መቀየሪያ ለሰው ስጡ።

እና አዋቂዎች ካላችሁ አንድ ጥያቄ መልሱልኝ። ሞቶ ሳለ ጉንፋን ለያዘው፣ ዛሬ ደግሞ ለተሻለው ሰው፣ ምንድን ነው የሚባለው? ይማርህ ነው፣ ወይስ ነፍስ ይማር?