ስድስት ሴንቲሜትር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ስንት ይመጣል? ሠላሳ አራት ዓመት ፍልስፍና ሳስተምር ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ በየዓመቱ ሳልመልሰው አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። የራሴ ስንት እንደሚመጣ አሁንም አላውቅም፤ የአንዲት ሴት ዕድሜ ግን ስድስት ሴንቲሜትር እንደሚመጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ተጠራጣሪ የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ታውቁታላችሁ፤ በሩን ቆልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ እጀታውን የሚነቀንቀው ነው። «እንዴት አደርክ» ስትሉት «ምነው?» የሚላችሁ ነው። የእኛ ኮሌጅ የዚህን ዘር ንግሥት ሃያ ስድስት ዓመት ደመወዝ እየከፈለ አኖራት፤ ክብርት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ። «ዋና» መባሏ ምክትል ስላላት አይደለም። ምክትል ሦስት ጊዜ ተመድቦላት ሦስቱንም «የማን ጆሮ እንደሆኑ አይታወቅም» ብላ መልሳቸዋለች።

ከአፏ የማትጠፋ ቃል ነበረቻት፤ «ማን ነካው?» ኳሱ ትንሽ ከለሰለሰ፣ ማን ነካው። የግድግዳው ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ከዘገየ፣ ማን ነካው። አንድ ቀን ተጫዋቿ ጉልበቷን ይዛ ወለሉ ላይ ስትንከባለል፣ ሮጣ ደርሳ መጀመሪያ የጠየቀችው «ማን ነካሽ?» ብላ ነው። ልጅቷ «ማንም አልነካኝም ኮች፣ ራሴ ነኝ የወደቅኩት» ብትላት አላመነቻትም።

እኔ የኮሌጁ ስፖርት ኮሚቴ አባል ነበርኩ፤ የፍልስፍና መምህር ሥራ የለውም ተብሎ ስለሚታሰብ። መጀመሪያ ልምምድ ለማየት የገባሁ ዕለት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«ምንድን ነው የሚጽፉት ጋሼ?»

«የራሴን ሐሳብ።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ሞት።»

«የማን ሞት?»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ስገባ ተጫዋቾቿ ኳሳቸውን አቅፈው እስክወጣ ድረስ ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር።

ከኪሷ የማይለይ የአናጢ ሜትር ነበራት። እንግዳ ሆነን በሄድንበት አዳራሽ ሁሉ፣ ከጨዋታው በፊት ረጅሟን ልጅ ወንበር ላይ አቁማ የቀለበቱን ከፍታ ታስለካለች። ሕጉ ሦስት ሜትር ከአምስት ሴንቲ ነው፤ ቀለበቱም ሁልጊዜ ሦስት ሜትር ከአምስት ነው። ይሄ ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥራታል። ምክንያቱም በሜዳችን የሚያሸንፈን የለም፤ ከሜዳችን በወጣን ቁጥር ግን የልጆቹ ኳስ የቀለበቱን አፍ እየመታ ይመለሳል። ሜትሩን ጠርጥራ ሦስት ጊዜ ቀየረች። መብራቱን ጠረጠረች። በመጨረሻም የአውቶቡሱን ሾፌር ጠረጠረች፤ ልጆቹን ሆን ብሎ በኮረኮንች እየወሰደ ያደክማቸዋል አለች።

«መንገዱ እኮ አንድ ብቻ ነው» አላት ሾፌሩ።

«እሱን ነው የምለው» አለችው።

እንዲህ ሆኖ አስራ አንድ ዓመት በሜዳችን ሳንሸነፍ ቆየን። በአስራ አንደኛው ዓመት መጨረሻ አንዲት የድሮ ተጫዋቿ የሌላ ኮሌጅ አሰልጣኝ ሆና ቡድኗን ይዛ መጣች። ገና ከመግባቷ ከኪሷ ሜትር አወጣች። ከማን እንደተማረችው ግልጽ ነው። ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ከዚያ የእኛዋን ወደ ጎን ጠራቻት።

«ኮች፣ ሁለት ሜትር ከዘጠና ዘጠኝ ነው።»

«ማን ነካው?»

ማንም አልነካውም። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ሲሚንቶው ላይ የእንጨት ወለል ሲነጠፍ ወለሉ ስድስት ሴንቲ ከፍ አለ፤ ቀለበቱ ግን ግድግዳው ላይ ባለበት ቀረ፤ የልጆቹም እጅ ዝቅ ያለውን ለመደ። የሰውን አዳራሽ ሁሉ ስትለካ የኖረችው ሴትዮ የራሷን አንድ ቀን አልለካችም። እዚህ ቤት ማንን ትጠርጥር?

«ለማንም አልናገርም» አለቻት የድሮ ተጫዋቿ። «ግን ልጆችዎ ያሳዝኑኛል።»

በማግስቱ ማመልከቻዋ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ቀለበቱ ስድስት ሴንቲ ከፍ ይበል። ዲኑ መነጽሩን አወለቀ።

«ስድስት ሴንቲ ምን አላት? የጣት ቁመት ናት። ከፍ ካደረግነው ደግሞ ዝቅ ብሎ ነበር ማለታችን ነው። የአስራ አንድ ዓመቱ ድልስ ምን ሊባል ነው?»

«ድል አልነበረም ይባላላ» አለች።

እጅ ይውጣ ተባለ። አንድም እጅ አልወጣም። የእኔም ጠረጴዛው ሥር ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ጠርጥሬያት ነበር፤ ውጭ ለተሸነፈችው ሁሉ ሰበብ ፍለጋ መስሎኝ ነበር። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ አብሮ የተቀመጠውን ይይዛል።

ቀጣዩ ዓመት የመጨረሻዋ ነበር። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ መጥፋት ጀመሩ። ኮሚቴው ጠረጠረ፤ እኔም ጠረጠርኩና በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ከአስራ ሁለት ሯጭ ሴቶች ኋላ ከዘራዬን ይዤ ተከተልኩ። የእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ፣ ቀለሙ የተላጠ ቀለበት ያለበት የአስፋልት ሜዳ ላይ አገኘኋቸው። ክብርት ዋና አሰልጣኝ ወንበር ላይ ቆማ እየለካች ነው። አየችኝ።

«ኮሚቴው ነው የላከዎት?»

«ማንም አልላከኝም።»

እንዳላመነችኝ ከፊቷ ያስታውቃል። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሜትሩን ጫፍ ዘረጋችልኝ።

«እንግዲያው ይቺን መሬት አስነክተው ይያዙልኝ። እንዳያላሉት።»

በዕድሜዬ ብዙ ሽልማት አልተሰጠኝም። ምስክር ወረቀቶቼ የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም። የዚያች ሜትር ጫፍ ቅዝቃዜ ግን እስከ ዛሬ አውራ ጣቴ ላይ አለ።

በዚያ ዓመት ውጭ አራት ጨዋታ አሸነፉ። በሜዳችን ደግሞ በአስራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፉ፤ የልጆቹ ኳስ ቀለበቱን እያለፈ ሰሌዳውን ይደበድብ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡት «አረጀች» ተባባሉ። እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ማን እንደነካው አልጠየቀችም። ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ግን ፈገግታዋን አይቼው ስለማላውቅ እርግጠኛ መሆን አልችልም።

የስንብቷ ዕለት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ወንበር ተደረደረ። በመስታወት የተሸፈነ ምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ «አስራ አንድ ዓመት በሜዳዋ ያልተደፈረች» ይላል፣ በወርቃማ ቀለም። አንብባ ስትጨርስ ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ከእኛ የሚፈልጉት ነገር ካለ ዛሬ ይናገሩ፤ ምንም ቢሆን እንፈጽማለን» አላት ዲኑ።

ተነስታ ቀና ብላ ወደ ግድግዳው አየች።

«ቀለበቱን ስድስት ሴንቲ ከፍ አድርጉልኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ተጨበጨበላት። እኔ አልሳቅሁም። ተነስቼም አልተናገርኩም።

ሁለት ዓመት ሆነው። ትናንት የአናጢ ሜትር ገዝቼ፣ የአዳራሹን ዘበኛ ቀለበቱ ሥር ወንበር ላይ አቁሜ፣ ጫፉን መሬት አስነክቼ ሳላላላ ያዝኩ። ሁለት ሜትር ከዘጠና ዘጠኝ። ማንም አልነካውም።