ሐጂ ሸውቂና የታመመው መንገድ

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የራሱ መኪና ታማ መንገዱን ሐኪም ቤት የሚልክ ሰው። ግብፅ፣ ታንታ ከተማ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ይሄ ሹመት የክቡር ሐጂ ሸውቂ ነው።

«መኪናዬ ጤነኛ ናት፤ የታመመው መንገዱ ነው!» ይላሉ።

የነጯ ፔጆአቸው ሾክ አብዞርበሮች፣ ንጥረቷን የሚያበርዱት፣ ያለቁበትን ዘመን የሚያስታውስ የለም። ጥጓን በእጅህ አንዴ ጫን ካደረግካት፣ ሻይህን ጠጥተህ እስክትጨርስ አንገቷን እንደነቀነቀች ትቆይሃለች። ጉድጓድ ስታገኝማ ተሳፋሪው ጣራውን በጭንቅላቱ ያንኳኳል። አንድ ቀን ፀጉር ቆራጩን ሙርሲን አሳፍረው ሲሄዱ፣ ሰውየው አፉ ውስጥ የነበረውን ከረሜላ ከነወረቀቱ ዋጠው። ሐጂ ዞር እንኳን ሳይሉ «ማዘጋጃ ቤቱን ክሰስ!» አሉት።

መካኒኩ ጋቢር ከሥር ገብቶ አይቶ «ሐጂ፣ የሾክ አብዞርበሮቹ ዘይት ፈሶ አልቋል እኮ! ባዶ ቧንቧ ነው ይዘው የሚዞሩት» ቢላቸው፣ «አንተ ጤነኛ መኪና መቼ ያጠግብሃል!» ብለው ሞተር አስነሱ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ልጃቸው ራንዳ ልታገባ ሆነ። እኛ ጋ የሙሽራ ዕቃ ጡሩምባ እየተነፋለት፣ ሰፈሩ እያየ ነው ወደ ባሏ ቤት የሚሄደው። ሶፋና ፍሪጁ በጭነት መኪና ይሄዳል። ጭንቁ ብርጭቆው ነው። እናቷ በሕይወት እያለች፣ ከየበዓሉ አንድ አንድ እየቆጠበች የሰበሰበችው ነው። የሙሽራው አክስት ደግሞ በር ላይ ቆመው ካርቶኑን ሳይከፍቱ እንደማያሳልፉ ማን ያጣዋል?

«የሚስቴ ብርጭቆ በኔ መኪና ነው የሚሄደው! አለቀ!» አሉ ሐጂ።

«አባዬ፣ መንገዱ ታሟል ትል የለ እንዴ?»

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

ራንዳ አልተከራከረችም። ከሰዓት በኋላ ሐጂ በክፍሏ በር ሲያልፉ፣ ለአዲስ ቤቷ የገዛችውን ልብስ እየቀደደች ብርጭቆዎቹን ስትጠቀልል አዩዋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም። ቢሰበርም ግድ የለም አባዬ። ስብርባሪውም የእማዬ ነው፤ ይዤው እገባለሁ።»

ሐጂ ሸውቂ የፔጆዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እያገላበጡ ወጡ።

በማግስቱ ፔጆዋ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ተመለሰች። «ላሳጥባት ሄጄ ነው» አሉ። አቧራዋ ግን እንዳለ ነበር።

የዕቃው ቀን ራንዳ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። ዳቦ ቤቱ ጋ ያለው ጉድጓድ ውሃ እንደቋጠረ እዚያው ነው። ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። መኪናዋ ዝቅ አለች፣ ከፍ አለች፣ ቆመች። ኪሽ ያለ ነገር የለም። ከኋላ የሚከተለው ጭነት መኪና ግን ሶፋውን አንጓጓው።

አክስት ካርቶኑን ከፈቱ፤ አገላበጡ፤ ነቀፋ ፈለጉ፤ ሲያጡ እልልታቸውን አቀለጡት። የሁላችንም ትንፋሽ ያን ጊዜ ተመለሰ።

ራንዳ ወደ ፔጆዋ ሄዳ ጥጓን በእጇ ጫን አደረገቻት። አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ፣ ከዚያ ጸጥ። አባቷን ዞር ብላ አየች። ሐጂ ሰማዩን ያያሉ።

«አየሽ?» አሉ። «መንገዱን ሠሩት እኮ!»

«አዎ አባዬ፣ ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት» አለችና ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ጥፍራቸው ሥር ያልለቀቀ ግሪስ ነበረ።